ወይን የሸጠና ሰይፍ የሸጠ



ባለፈው ረመዷን አንድ ሌሊት ከተራዊሕ ስንመለስ የእህቴ ልጅ ክንዴን ይዞ ከሰዎቹ ወደ ኋላ አስቀረኝ። ልጁ የኤሌክትሮኒክስ ምህንድስና ተምሮ በጥሩ ውጤት ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን ከውጭ አገር አንድ ኩባንያ ና ብሎታል። የሚከፍሉት የወር ደመወዝ እኔ በዓመት ከማገኘው ይበልጣል። ሥራው ሰው አልባ በሆነ አውሮፕላን ላይ የሚገጠም፣ በጨለማም በጭስ ውስጥም አጥርቶ የሚያይ ካሜራ ማሻሻል ነው።

«ጋሼ፣ እኔ የምሠራው ዓይኑን ብቻ ነው» አለኝ። «የሚበረውን ሌላ ይሠራዋል፤ የሚወረወረውን ሌላ ይሠራዋል፤ ቁልፉን የሚጫነው ደግሞ ሌላ ነው። በዚሁ ካሜራ እኮ በረሃ ላይ የጠፋ ሰውም ይፈለግበታል። መምህሮቻችን ዕውቀት ገለልተኛ ነው ይሉን ነበር። እርስዎ ምን ይላሉ?»

የዚያን ሌሊት ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠሁትም። እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ፈትዋ የመስጠት አቅሙም መብቱም የለኝም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ታሪክ በማስተማር ነው። ስለዚህ እንደ ልማዴ ወደማውቀው ሸሸሁና ስለ አንድ ዓመት አጫወትኩት። ጨዋታው በአንድ ሌሊት አላለቀም፤ እስከ ዒድ ዘለቀ። ሌሎች ወንድሞችና እህቶችም ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው የሚዞሩ ስለሚመስለኝ እዚህ አሰፈርኩት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዓመቱ 1898 ነው፤ በሂጅራ 1315 አልቆ 1316 የገባበት። ንግሥት ቪክቶሪያ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ ከተቀመጠች 61 ዓመት ሊሆናት ነው። ከዓለም ሕዝብ ሩብ የሚሆነው በእርሷ ባንዲራ ሥር ነበር። በዚያ ዓመት የተገኘውንና የተሠራውን ሁሉ ለመዘርዘር ይህ ገጽ አይበቃም። ፓሪስ ውስጥ ማሪ ኩሪና ባለቤቷ ፒየር ከአንድ ዓይነት ማዕድን በጁላይ ፖሎኒየምን፣ በዲሴምበር ራዲየምን ማግኘታቸውን አስታወቁ። ማሪ የመጀመሪያውን የሰየመችው በአገሯ በፖላንድ ስም ነው፤ ያን ጊዜ ሦስት መንግሥታት ስለተከፋፈሏት ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ አልነበረችም። ለንደን ውስጥ ዊልያም ራምሴይና ሞሪስ ትራቨርስ አየርን በብርድ አፍስሰው ክሪፕተን፣ ኒዮንና ዜኖን የተባሉትን ጋዞች በጥቂት ወራት ውስጥ ለዩ። ሆላንድ ውስጥ ቤየሪንክ የትምባሆን ቅጠል የሚያሳምመው ከባክቴሪያ የተለየ ነገር መሆኑን ደርሶበት ቫይረስ አለው።

ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ ኒኮላ ቴስላ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ በውኃ በተሞላ ገንዳ ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ አንሳፈፈ። ቀዛፊ የላትም፤ የሚያገናኛት ሽቦም የላትም። ከሩቅ በራዲዮ ሞገድ ሲያዛት ትዞራለች፣ ትቆማለች፣ መብራቷን ታበራለች። እዚህ ላይ ልጁን ቆም አድርጌ «የአንተ አውሮፕላን አያቱ ይህቺ ናት» ብለው ሳቀ። ነገር ግን የሚያስቅ አይደለም። ቴስላ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለተሰጠው የፈጠራ መብት ባቀረበው ጽሑፍ፣ የዕቃው ትልቁ ጥቅም በጦርነት ላይ የሚታይ እንደሚሆን፣ አጥፊነቱም ወሰን ስለማይኖረው መንግሥታት ፈርተው ዘላቂ ሰላም እንደሚያወርዱ ገልጿል። ከዚያ እስከ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት የቀረው 16 ዓመት ብቻ ነበር። መሣሪያ ሲከፋ ሰው ይመለሳል የሚለው ተስፋ በየዘመኑ ይወለዳል፤ በየዘመኑም ይቀበራል።

ይህን ሁሉ ግን በችኮላ አልፌ ልጁን ወደ አንዲት ከተማ ወሰድኩት፤ ወደ ካልካታ።

ሮናልድ ሮስ በህንድ የሚያገለግል የእንግሊዝ ወታደራዊ ሐኪም ነበር። ወባ ወደ ሰው የሚገባው በመጥፎ አየር ነው በሚባልበት ዘመን፣ ትንኝ ናት የምታስገባው የሚል ግምት ይዞ ዓመታት ደከመ። በኦገስት 1897 ሴከንደራባድ በተባለው ከተማ ሑሴን ኻን የተባለ የወባ በሽተኛ በትንኞች እንዲነከስ ፈቀደ። የተከፈለው በአንድ ትንኝ አንድ አና ነበር፤ አና ማለት የሩፒ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ሮስ ያችን የሑሴን ኻንን ደም የጠጣች ትንኝ ቀዶ በማይክሮስኮፕ ሲያይ በጨጓራዋ ግድግዳ ላይ የወባውን ተውሳክ አገኘው።

ወዲያው ጦሩ ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮት ሥራው ተቋረጠ። በ1898 መጀመሪያ ላይ ለንደን ያሉ ወዳጆቹ ወትውተውለት ወደ ካልካታ ሄደ። እዚያ ደግሞ ሌላ እንቅፋት ገጠመው። ከተማው በወረርሽኝ ፍርሃት ተውጦ ነበር፤ መንግሥት መርፌ ሊወጋን ነው የሚል ወሬ ስለተነዛ ሰው ጣቱን ለምርመራ እንኳ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነም። ሮስ ወደ ወፎች ዞረ። ሙሐመድ ባክሽ የተባለ ረዳቱ ትንኝና ወፍ እየሰበሰበ፣ እያራባና እየመገበ ከእርሱ ጋር ሠራ። በጁላይ መጀመሪያ ላይ ሮስ ተውሳኩን በትንኟ የምራቅ ዕጢ ውስጥ አገኘው። ቀጥሎም በትንኞቹ ንክሻ ጤነኛ ድንቢጦችን አሳመመ። መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታወቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጣልያናዊው ግራሲና ባልደረቦቹ በሰው የሚደርሰው ወባ አኖፌለስ በምትባለው ትንኝ እንደሚተላለፍ አረጋገጡ። በ1902 ሮስ የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። የሑሴን ኻንና የሙሐመድ ባክሽ ስም ግን የሕክምና ታሪክን አገላብጦ የሚያይ ካልሆነ በቀር የሚያነሣው የለም። በአገራችን ቆላ የተወለደ ሰው ሁሉ የእነዚህ ሰዎች ባለዕዳ ነው፤ እኔንም ልጅ ሳለሁ ወባ ሦስት ጊዜ ጥላኛለች።

አሁን ከዚያው ከካልካታ ሳንወጣ ወደ ከተማው ዳር እንሂድ። ደምደም የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ የእንግሊዝ መንግሥት የጥይት ፋብሪካ ነበረው። ሮስ ማይክሮስኮፑን ከማጥለቁ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በዚህ ፋብሪካ አንድ አዲስ ጥይት ተሠርቷል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ በህንድ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ከነበሩት ሙስሊም ጎሣዎች ጋር በተደረገው ውጊያ ቀጭኑና ፈጣኑ ጥይት በሰውነት ውስጥ ሰንጥቆ ያልፍና የተመታው ሰው ሳይወድቅ መምጣቱን ይቀጥላል የሚል አቤቱታ ከወታደሮች ቀረበ። ስለዚህ የጥይቱ ጫፍ ከጠንካራው ሽፋን ውጭ እንዲሆን ተደረገ። ሥጋ ሲነካ እንደ እንጉዳይ ይዘረጋል፤ የሚከፍተውም ቁስል የሚድን አይደለም። ስሙ እስከ ዛሬ በፋብሪካው ሰፈር ስም ይጠራል፤ ደምደም።

በ1899 በሔግ ከተማ መንግሥታት ተሰብስበው ይህን ዓይነት ጥይት ለመከልከል ሲነጋገሩ የእንግሊዙ ተወካይ ተቃወመ። የመከራከሪያው ፍሬ ነገር የሠለጠነ ወታደር ሲቆስል ወደ ኋላ ይሄዳል፣ «አረመኔ» ግን ቁስሉን ችሎ ይመጣል፣ ስለዚህ ለእርሱ የተለየ ጥይት ያስፈልጋል የሚል ነበር። ልጁ እዚህ ላይ ዝም ብሎ ቆየ። እኔም ጨምሬ ምንም አላልኩ። አንዱ ላቦራቶሪ የሰውን ደም በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ ሌላው ፋብሪካ ያንኑ ደም እንዴት አብዝቶ ማፍሰስ እንደሚቻል ይሰላ ነበር፤ ሁለቱም የአንድ መንግሥት፣ ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ ሁለቱም በሳይንስ ነው።

የደምደም ጥይት ባሕርይ በሰፊው የታየው ግን ወደ እኛ በቀረበ ቦታ፣ በሱዳን ነው። የማህዲን ተከታዮች እኛ ደርቡሽ እንላቸዋለን፤ ትዝታቸው በአገራችን ጥሩ አይደለም። በ1888 ጎንደርን አቃጥለዋል፤ በ1889 አፄ ዮሐንስ የወደቁት መተማ ላይ ከእነርሱ ጋር ሲዋጉ ነው። ስለዚህ ቅዱስ ላደርጋቸው አልተነሣሁም። የኸሊፋ ዐብዱላሂ አገዛዝ ሱዳናውያንን ራሳቸውን ያስመረረ ነበር። ይሁንና የሞተ ሰው ሰው ነው።

ጄኔራል ኪችነር በኑብያ በረሃ ላይ የባቡር ሐዲድ እየዘረጋ፣ በናይል ላይ የጦር ጀልባ እየነዳ፣ የቴሌግራፍ ሽቦ እየሳበ ወደ ደቡብ ወረደ። ከ25 ሺህ ገደማ ወታደሮቹ የሚበዙት ግብፃውያንና ሱዳናውያን ነበሩ፤ በመካከላቸው እንደ ኸሊፋው ሰዎች ወደ ቂብላ የሚዞሩ ነበሩ። በሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 ከኡምዱርማን በስተሰሜን ባለው የከረሪ ሜዳ 50 ሺህ የሚሆኑ ደርቡሾች ገጠሟቸው። ኪችነር በምድርና በጀልባ ከ40 በላይ የማክሲም መትረየስ ነበረው። ይህ መትረየስ ሒራም ማክሲም የተባለ ትውልዱ አሜሪካዊ የሆነ ሰው በ1884 የሠራው ነው። ጥይቱ ሲወጣ የሚፈጥረውን ግፊት መልሶ ቀጣዩን ለማጉረስ ስለሚጠቀምበት፣ ጣት ከቃታው እስካልተነሣ ድረስ በደቂቃ 600 ያህል ጊዜ ይተኩሳል። ከእንግሊዛውያኑ ወታደሮች እጅ ያለው ጥይትም ጫፉ ተቦርቡሮ የወጣ፣ የደምደምን ሥራ የሚሠራ ነበር።

ከንጋት እስከ ቀትር 10 ሺህ ያህል ደርቡሾች ሜዳው ላይ ቀሩ። ከኪችነር ወገን የሞቱት 50 አይሞሉም። ከዚያም የቆሰሉት በሜዳው ተትተው በፀሐይና በጥማት ሞቱ። በፈረሰኝነት የዘመተው ወጣቱ ዊንስተን ቸርችል ሳይቀር በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ የቁስለኞቹን አያያዝ ነቅፏል። የማህዲ መቃብር በመድፍ ተመትቶ ነበርና በኋላ ጨርሶ እንዲፈርስ፣ አጽሙም ናይል ውስጥ እንዲጣል ተደረገ። የራስ ቅሉን ግን አስቀሩት፤ ኪችነር ለንደን ወደሚገኘው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሊልከው አስቦ ነበር። ወሬው ሲሰማ በአገራቸው ሁካታ ሆነ፣ ንግሥቲቱም ተቆጣች፤ የራስ ቅሉም በዋዲ ሐልፋ በሙስሊሞች መቃብር በስውር ተቀበረ። የሐኪሞች ኮሌጅ መላኩን ልብ በሉልኝ። ጥላቻ ሲያፍር የሚለብሰው ልብስ አንዳንዴ ነጭ ካፖርት ነው።

ከውጊያው ጥቂት ቀናት በኋላ፣ በዚያው በሴፕቴምበር፣ የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ማኅበር ብሪስቶል ከተማ ተሰበሰበ። ፕሬዝዳንቱ ኬሚስቱ ዊልያም ክሩክስ ያደረገው ንግግር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የስንዴ ተመጋቢው ቁጥር እየጨመረ ነው፤ መሬቱን የሚያዳብረው የቺሊ ናይትሬት ደግሞ ያልቃል፤ ስለዚህ ኬሚስቶች በአየር ውስጥ ሞልቶ የተረፈውን ናይትሮጅን ወደ ማዳበሪያ የሚለውጡበትን ዘዴ ካላገኙ ረሃብ ይመጣል አለ። ትክክል ነበር፤ ድንቅ አርቆ ማሰብም ነበር። ነገር ግን የፈራው ለማን ነው? ንግግሩን የሚያነብ ያገኘዋል፤ ስንዴ የማይበሉ ሕዝቦች የነጩን ዘር አጨናንቀው ከመሪነቱ እንዳያወርዱት ነው የፈራው።

ጥሪውን ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ በ1909 ጀርመናዊው ፍሪትስ ሃበር ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን አዋሕዶ አሞኒያ የመሥራቱን ዘዴ አሳየ። በ1913 ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ከዚህ ዘዴ በወጣ ማዳበሪያ የበቀለ እህል ይበላል፤ የእኛ ገበሬ ዩሪያ ብሎ የሚገዛው መነሻው ይኸው ነው። ያው አሞኒያ በጦርነቱ ዘመን ለጀርመን ፈንጂ መሥሪያ ሆነ። ሃበርም ራሱ በኤፕሪል 1915 ቤልጂግ ውስጥ ኢፕር በተባለው ግንባር የክሎሪን ጋዝ ሲለቀቅ ሥራውን በበላይነት መራ። አንድ ሰው፣ አንድ ጭንቅላት።

«ታድያ ያልኩት አይደለም እንዴ?» አለ ልጁ። «ዕውቀቱ ያው ነው፤ የተለወጠው አጠቃቀሙ ነው። ገለልተኛ ማለት ይህ ነው።»

እዚህ ላይ የእኛ የፊቅህ ሊቃውንት ዛሬ ፈላስፎች ከሚሉት የተሻለ ነገር ያሉ ይመስለኛል። ሳይንስና መንግሥት እንዲህ ከመጋባታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ በገበያ ላይ ከተነሣ ተራ ጥያቄ ጀመሩ፤ ወይን ጠምቆ ኸምር እንደሚያደርገው ለሚታወቅ ሰው የወይን ጭማቂ መሸጥ ይቻላልን? ኢማም አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) ይቻላል አሉ፤ ኃጢአቱ ያለው በጭማቂው ላይ ሳይሆን ገዢው በኋላ በሚያደርገው ለውጥ ላይ ነውና። ሁለቱ ታላላቅ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን ሽያጩን ጠሉት። ሐንበሊዮች ዓላማው እየታወቀ መሸጡን ሐራም አደረጉ። ሻፊዒዮች በማወቅና በመጠርጠር መካከል ለዩ፤ እያወቀ የሸጠ ሐራም ላይ ወደቀ፣ ጠርጥሮ የሸጠ ግን የተጠላ ነገር ሠራ። ወደ መሣሪያ ሲመጡ ግን ለወይኑ የራሩት ሐነፊዮች ጭምር ፊታቸውን አጠቆሩ። በፊትና ጊዜ ለፊትና ሰዎች ሰይፍ መሸጥን ከለከሉ፤ ሰይፍ ምንም ሳይለወጥ፣ እንደተሸጠ፣ አንገት ይቀነጥሳልና። ሰይፍ የሚሠራበትን ብረት ግን ለይተው አዩት፤ ብረት ማረሻም ይሆናል።

አንዳቸውም «ዕቃ ገለልተኛ ነው» ብለው እንዳልዘጉት፣ አንዳቸውም «ክፉ ሊሠራበት የሚችል ሁሉ ሐራም ነው» እንዳላሉ አስተውሉ። የጠየቁት ስለ ዕቃውና ስለ ገዢው ነው፤ ዕቃው ጉዳት ለማድረስ ስንት እጅ ይቀረዋል? ሻጩ ስለ ገዢው ምን ያውቃል? ጊዜው የሰላም ነው ወይስ የፊትና?

በዚህ ሚዛን ያንን ዓመት ስንመዝነው ነገሩ ይለያያል። ኩሪዎች የወይን ገበሬ ናቸው። ራዲየምን የሚያወጡበትን ዘዴ የፈጠራ መብት እንኳ አላስመዘገቡበትም። ከዚያ በኋላ በ47ኛው ዓመት ሂሮሺማ ላይ የወረደው ነገር ሲደርስ በመሐል ብዙ ሺህ እጆች ገብተዋል። ማክሲም ሰይፍ ሻጭ ነው፤ ደንበኞቹንም በስም ያውቃቸዋል። የደምደም ሠሪዎች ደግሞ ከሰይፍ ሻጭም የባሱ ናቸው፤ ሰይፉን የሳሉት የተወሰነ ዓይነት አንገት አስበው ነው። ሃበር በ1909 ብረት ሸጠ፤ በ1915 ሰይፉን ራሱ ያዘ። ዕውቀት ብቻውን የትም ሲሄድ አላየሁም፤ ሁልጊዜ የሚያውቅ ሰው ይዞት ነው የሚሄደው፤ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ኒያ አለው፣ ቀጣሪ አለው፣ የሚፈራው ነገር አለው።

ሮስስ? ሮስ የሸጠው ውኃ ነው። ከውኃ ጋር የሚነሣው ጥያቄ ለማን ሸጥክ ሳይሆን ማንን ከለከልክ ነው። በዚያው በ1898 የሊቨርፑሉ የትሮፒካል በሽታዎች ትምህርት ቤት የተጠነሰሰው ከምዕራብ አፍሪካ ጋር በሚነግድ የመርከብ ባለቤት ገንዘብ ነው፤ በ1899 የለንደኑን የደገፈው የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ቻምበርሌይን ነው። ነጋዴውና ሚኒስትሩ ያሰቡት በመጀመሪያ በወባ ስለሚያልቁባቸው ነጮች ነበር። በሴራሊዮን ዋና ከተማ በፍሪታውን የሆነውን ብቻ ልናገር። በ1904 ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ለእንግሊዛውያን ብቻ የሚሆን ሰፈር ተሠራ፤ ምክንያቱም የጥቁር ሕፃናት ደም የወባ ማከማቻ ነው፣ ከእነርሱ መራቅ ይሻላል ተባለ። ሮስ ራሱ ረግረጉን አፋሱ፣ ትንኟን ለሁሉም አጥፉ ባይ ነበር፤ የፍሪታውኑ ምርጫ ግን ከሕፃናቱ መሸሽ ሆነ። በአገራችንም ሮስ ተውሳኩን ካገኘ ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ በአንድ ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በወባ ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። መድኃኒቱም ዘዴውም በዓለም ላይ ነበረ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከማይጠቅም ዕውቀት በአላህ ይጠበቁ እንደነበር እናውቃለን። የማይጠቅም ዕውቀት ሲባል ሁልጊዜ ከንቱ ዕውቀት ይመስለን ነበር፤ የሚጠቅም ሆኖ ከታመመው ሰው ያልደረሰስ?

ልጁ ግን አልለቀቀኝም፤ ጥሩ ተማሪ ነው። «ጋሼ፣ ደርቡሾች እኮ የሞቱት ማክሲም ስላልነበራቸው ነው። እኛ ካልሠራነው እነርሱ ሠርተው ይመጡብናል።»

ይህን ንግግር በየመስጊዱ በር፣ በየሻይ ቤቱ እሰማዋለሁ፤ ሙስሊሙ የተሸነፈው ሳይንስን ስለተወ ነው ይባላል። ግማሹ እውነት ነው፤ እውነቱንም አልሸሸውም። ከኡምዱርማን ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ቀደም ብሎ፣ በማርች 1896፣ ዐድዋ ላይ ሌላ ውጤት ታይቷል። የአፄ ምኒልክ ሠራዊት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘመናዊ ጠመንጃና ፈጣን መድፎች ይዞ ነበር፤ በዚያ ሠራዊት ውስጥ ሙስሊሞችም ተዋግተዋል። ያ መሣሪያ ባይኖር ምን እንደምንሆን ከረሪ ላይ ታይቷል። ስለዚህ ሰይፍ ሁሉ ሐራም ነው የምል ሰው አይደለሁም። ቤቱን የሚከላከል ሰው ሰይፍ ያስፈልገዋል።

የማልስማማው ከግማሹ ጋር ነው። ስለዚያ ዓመት ስናነብ የምንቀናው ሁልጊዜ በማክሲሙ ነው። ቁጭታችን «ምነው መትረየሱ በእኛ እጅ በነበረ» የሚል ነው፤ «ምነው ማይክሮስኮፑ በእኛ እጅ በነበረ» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ሙሐመድ ባክሽ በዚያ ላቦራቶሪ ውስጥ በእጁ ይሠራ ነበር፤ ሑሴን ኻን ደሙን ሰጥቷል። ልጆቻችንን ስናስተምር ግን ስማቸውን አናውቀውም፤ የኪችነርን እናውቃለን። ደግሞስ እንግሊዛዊው ተወካይ በሔግ «አረመኔ» ያለውን፣ እኛም መትረየሱን ባገኘን ቀን ለአንዱ ወገን አንለውም ያለው ማን ነው? በየአገሩ ሙስሊም በሙስሊም ላይ የሚያዘንበውን እሳት እያየን ነው። ያ እሳት ሲወርድ ከታች ያሉት ሰዎች ከረሪ ላይ ከወደቁት ይልቅ የራቁን ሆነው አይደለም።

«የእኔ ካሜራ ታድያ ብረት ነው ሰይፍ?» አለኝ በመጨረሻ።

«ገዢውን ታውቀዋለህ?» አልኩት።

አላውቅም አለ። ኩባንያው የሚሸጠው ለመንግሥታት መሆኑን ብቻ ነግረውታል፤ ለየትኞቹ እንደሆነ አልጠየቀም። አልጠየቀም ማለቱን ወደድኩት፤ «አልነገሩኝም» ማለት ይችል ነበር። ጠርጣሪና ዐዋቂ የሚለያዩበትን ቦታ አስታወስኩት። ቆሞ ያለው በመሐላቸው ነው፤ ከዚያ ቦታ ወጥቶ ወደ አንዱ ለመሄድ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ያንን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው አላወቅሁም ሊል ይችላል፤ ነገር ግን አለማወቁን የመረጠው እርሱ ራሱ ነው። ስለ ሐላል ሐራሙ ደግሞ ወደሚያውቁት ሸይኽ እንዲሄድ ነገርኩት፤ ሄዷል፤ እርሳቸው ያሉትን ለእርሱ እተወዋለሁ።

እናቱ አልወደደችውም። ቤታቸው የኪራይ ነው፤ ከእርሱ በታች ሦስት ልጆች አሉ፤ አባታቸው በሕይወት የሉም። «አንተ ጡረታ ወጥተህ ታሪክ ታወራለህ፣ ልጄ ሥራ ሊያመልጠው ነው» ብላ ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። አልፈረድኩባትም። የኪችነርን ሐዲድ ይነጥፉ የነበሩ ሱዳናውያንና ግብፃውያንም ቤታቸው ልጆች ነበሯቸው።

ልጁ ከዒድ በኋላ ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፈ። ካሜራው ለየትኞቹ መንግሥታት እንደሚሸጥ፣ እርሱስ የነፍስ አድን ሥራ በሚሠራው ክፍል ብቻ ሊመደብ ይችል እንደሆነ ጠይቋል። ይህን ጽሑፍ እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ መልስ አልመጣለትም።